የገመድ ቋንቋ

ባሻ ገብረአምላክ ለመስጠሚያ ከታጠቁት የእርሳስ ክብደት ሁለተኛውን ቁራጭ ከቀበቷቸው አውልቀው ጭቃው ላይ ጣሉት። ምጽዋ ላይ ስድስት ይታጠቁ ነበር፤ የዳዋ ወንዝ ውሃ ግን ጨው ስለሌለው የሰውን ገላ እንደ ባሕር አያንሳፍፍም፤ አራቱ ይበቃሉ። ዘለበቱን የቆለፉት በሦስተኛው ሙከራ ነው። ማንም እንዳላየባቸው ለማረጋገጥ ቀና አሉ።

ያላየባቸው ሰው አልነበረም። በመልካ ጉባ መሻገሪያ፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሞ እሳቸውን ብቻ ይመለከታል። ሁለት ፖሊሶች አዞ ቢመጣ ብለው ጠመንጃቸውን አቀባብለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጠዋል። ከዳር አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ቡናማው ውሃ ለሁለት ተከፍሎ በሚያልፍበት ቦታ፣ የአንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና የሸራ መወጠሪያ ብረት ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። ከብረቱ በታች መኪናው አለ። በመኪናው ጋቢና ውስጥ ደግሞ ሾፌሩ ደሳለኝ አለ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

“ባሻ፣ ሰማዩን ይመልከቱ እንጂ” አለ መቶ አለቃ ቢረሳው፣ ከነገሌ ፖሊሶቹን ይዞ የመጣው መኮንን። “በጃምጃም ደጋ በኩል ጠቁሯል። የአገሩ ሰዎች ወንዙ ከአሥር ሰዓት በፊት ይሞላል ነው የሚሉት። ከሞላ መኪናውንም ልጁንም ጠራርጎ ይወስደዋል።”

“አሁን ስንት ሰዓት ነው?”

“ሰባት ተኩል።”

“የእኔ አየር ለሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ጊዜ ቢሰጡኝም አልጠቀምበትም።”

ጎሊቻ የገመዱን ጥቅል በክንዱ ላይ እንዳደረገ ከኋላቸው ቆሟል። የዱብሉቅ ቦረና ነው። በነገሌ ማዘጋጃ ቤት ውሃ ክፍል በባሻ ሥር መሥራት ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በዕድሜ ከባሻ ሁለት ዓመት ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ባሻ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ “አንተ” ሲሉት ኖረዋል፤ እሱም ቅር ብሎት አያውቅም፤ ቅር ብሎትም እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም።

“ባሻ” አለ ጎሊቻ፣ የገመዱን ጫፍ በወገባቸው ዙሪያ እያሠረ። “ገመዱ ስንቴ ሲሳብ ምን ማለት ነው?”

“ምን አልከኝ?”

“ከውስጥ ሆነው ሲስቡ ነው። እኛ ኤላ ስንገባ …”

“ይህ ኤላ አይደለም” ብለው ባሻ አቋረጡት። ኤላ የሚለው የቦረና ሰው ከብቱን የሚያጠጣበትን ጥልቅ ጉድጓድ ነው። “ይህ የጉድጓድ ቁፋሮ አይደለም፤ ብዙ ትምህርት ያለበት ሙያ ነው። የአንተ ሥራ ገመዱን ይዞ መቆም ነው። ይዘህ ቁም፤ በቃ።”

“ኤዬ፣ እሺ ባሻ” አለና ጎሊቻ ቋጠሮውን አጠበቀ።

የደሳለኝ እናት እሙሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ድምፅዋ ተዘግቷል። ከነገሌ ጀምሮ በፖሊሱ ላንድሮቨር አብረው ሲመጡ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ተነሥታ ወደ ባሻ መጣች። ጎረቤታቸው ናት፤ የሚለያቸው አንድ የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው።

“ባሻ፣ አግኝተውት እንዳይተዉብኝ።”

“አልተወውም፣ እሙሽ።”

“አፈር ላልብሰው ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልጠይቅም። ረዳቱ ያለውን ነግረውዎታል?”

“አልሰማሁም።”

“እሱ ከጭነቱ ላይ ነበርና ዘሎ ወጣ። ‘ደሳለኝ፣ በሩን ከፍተህ ዝለል!’ እያልኩ ጮኽሁ ይላል። ውሃው ገና ደረቱ ላይ ነበር አሉ። ‘ዋና አልችልም’ ብሎ መሪውን ጨብጦ ቀረ።” እሙሽ የባሻን የላስቲክ ቱቦዎችና በጀርባቸው ያዘሉትን የብረት የአየር ቦምቦላ ስትመለከት ቆየችና፣ “እሁድ እሁድ ደጅዎ ላይ ሲቆም አየው ነበር” አለች።

በድምፅዋ ወቀሳ አልነበረም። 

* * *

ባሻ ገብረአምላክ የተወለዱት በጣና ዳር ነው፤ ከመራመዳቸው በፊት መዋኘት ጀመሩ ማለት ይቻላል። የውሃውን ሆድ ያዩት ግን ሰው ሆነው፣ በምጽዋ፣ በባሕር ኃይል የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሳሉ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ጠላቂዎቹ ሲለማመዱ አብረው እንዲገቡ ፈቀዱላቸው። ከዚያች ቀን ወዲህ ደመወዛቸውም፣ የዓመት ፈቃዳቸውም፣ ሕልማቸውም የዚያ ጸጥታ ሆነ። አገሩን ለቆ ከሚሄድ አንድ ጣሊያን ላይ ሙሉ ዕቃውን ገዙ። ነገሌ ቦረና ሲገቡ፣ ከባለቤታቸው ከበዛብሽ አባት በተወረሰው ቤት ሲቀመጡ፣ የከተማው ሰው “የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ” አለ። ባሻ አንድ ቀንም ነበርኩ አላሉም፤ አንድ ቀንም አልነበርኩም አላሉም።

በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ቦምቦላውን በጆንያ ጠቅልለው ስድስት ቀን በመኪና ይጓዛሉ፤ ዐሥር ቀን ይጠልቃሉ፤ ስድስት ቀን ተጉዘው ይመለሳሉ። ቦምቦላው በምጽዋ አየር ተሞልቶ ይመጣና አልጋቸው ሥር ይቀመጣል።

“እዚያ ታች ምን ልትፈልግ ነው የምትሄደው?” ብላ በዛብሽ በመጀመሪያው ዓመት ጠይቃቸው ነበር።

“ምንም።”

“ምንም ለመፈለግ ስድስት ቀን?”

“ሄዶ ያላየ ሰው አይገባውም።”

“እንግዲያው ውሰደኛ፣ ልይ!”

“በሚመጣው ዓመት” አሏት። በሚመጣው ዓመትም “በሚመጣው ዓመት” አሏት። በዛብሽ መጠየቋን ከተወች አራት ዓመት ሆኗታል።

ደሳለኝ ግን መጠየቅ የማይታክተው ሰው ነበር። ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት የተመዘዘ፣ ሳቁ ከመኪናው ክላክስ የሚበልጥ የሃያ አምስት ዓመት ሾፌር። ከነገሌ ያቤሎ፣ ከያቤሎ ነገሌ ይመላለሳል። እሁድ ጠዋት ከአጥራቸው ላይ አገጩን አስደግፎ ይቆማል።

“ባሻ፣ እንደምን አደሩ! ዓሣዎቹ ደኅና ናቸው?”

“ቀልድህን ተወኝ።”

“ቀልዴን አይደለም። ዋና ያስተምሩኝ። የነገሌ ሰው ‘በዚህ ድርቅ አገር ዋና ምን ያደርግልሃል?’ እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን ዳዋን በሳምንት ሁለቴ ነው የምሻገረው። ውሃው ጎማዬን ሲነካ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ትመጣለች። እማዬ እንዳትሰማኝ እንጂ፣ እፈራዋለሁ።”

“ዋና ሥነ ሥርዓት ይፈልጋል።”

“ሥነ ሥርዓቱንም አብረው ያስተምሩኛላ!”

ከብዙ ልመና በኋላ ባሻ ቀን ቆረጡለት። ከከተማው ውጭ ጣሊያን ትቶት የሄደ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚሞላ የድንጋይ ገንዳ አለ። እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ተገኝ አሉት። ባሻ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ። አንድ ተኩል ሆነ። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፎጣቸውን አጥፈው ተመለሱ። መንገድ ላይ ደሳለኝ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ እንደተቀባ እየሮጠ ሲመጣ አገኙት።

“ጎማ ነው፣ ባሻ! ሌሊት ገብቼ ጎማው … በእግዜር ይሁንብዎ …”

“አሥራ አምስት ደቂቃ” አሉ ባሻ የኪስ ሰዓታቸውን እያሳዩ። “ባሕር አሥራ አምስት ሴኮንድ አይታገስም። መጀመሪያ ሰዓት ማክበር ተማር፤ ከዚያ ትመጣለህ።”

ከዚያ በኋላም ደሳለኝ እሁድ እሁድ አጥሩ ላይ ይቆም ነበር፤ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል እንጂ አይጠይቅም። ባሻም በልባቸው፣ አንድ ጊዜ ቢጠይቀኝ እሺ እለዋለሁ እያሉ ዝናቡ አለፈ፤ ገንዳው ደረቀ። እነሆ አሁን ግንቦት ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ነው፤ ገንዳው እንደገና ሞልቷል።

* * *

ባሻ መስተዋቱን በዓይናቸው ላይ አጥልቀው፣ የመተንፈሻውን ላስቲክ ነክሰው፣ ከመኪናው በላይ በኩል ወደ ውሃው ገቡ። ወንዙ ከወገባቸው ሲደርስ ገፋቸው፤ ከደረታቸው ሲደርስ አነሣቸው። ሰውነታቸውን ለቀው ጠለቁ።

በቀይ ባሕር ሲጠልቁ መጀመሪያ የሚመጣው ብርሃን ነበር። እዚህ የመጣው ጨለማ ነው። እጃቸውን ከመስተዋቱ ፊት ቢያመጡትም አይታያቸውም፤ ዓይንን መግለጥና መጨፈን አንድ ሆነ። የራሳቸውን ትንፋሽ ብቻ ይሰማሉ፤ ከዓመት በፊት በምጽዋ የተሞላ አየር፣ ጎማ ጎማ የሚል፣ ትንሽ ዝገት የሚቀምስ። ወንዙ ወደ ታች ሲነዳቸው ትከሻቸው ከብረት ጋር ተጋጨ። መኪናው ነው።

ሸራውን ዳሰሱ። ከሸራው ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ጋቢናው ጀርባ፣ እንደ ዓይነ ስውር በጣታቸው እያነበቡ ሄዱ። መኪናው በሾፌሩ በኩል ዘመም ብሎ ቆሟል። የሾፌሩ በር ከቋጥኝ ጋር ተጣብቋል፤ ቢታገሉትም ንቅንቅ አላለም። መስኮቱ ግን እስከ ግማሽ ወርዷል። ባሻ ክንዳቸውን በመስኮቱ አሾልከው ሰደዱ።

ሹራብ ነካቸው። ከሹራቡ ጫፍ ክንድ፤ ከክንዱ በታች አንጓ፤ ከአንጓው በታች መሪውን የጨበጠ እጅ።

ባሻ እጁን ያዙት። ለምን ያህል ጊዜ እንደያዙት አያውቁም። ከዚያም ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመሪው ላይ አላቀቁ፤ አራቱ ተላቀቁ፤ አውራ ጣቱ ቀረ። በዚህ መስኮት እንደማይወጣ ግልጽ ነበር። በመኪናው አፍንጫ ዞረው፣ ሁለተኛውን በር ከፍተው፣ ከዚያ ወዲህ መሳብ አለባቸው። ለመዞር ሲሞክሩ ገመዱ ወገባቸውን ይዞ አስቀራቸው። ተወጥሯል። ሁለት ሜትር ቢለቁላቸው ይበቃቸዋል።

የምጽዋ ጠላቂ ገመድ ሲያጥረው ሁለት ጊዜ ይስባል፤ ‘ልቀቅ’ ማለት ነው። አራት ጊዜ ከሳበ ‘አውጣኝ’ ማለት ነው። ባሻ በግራ እጃቸው የደሳለኝን እጅ እንደያዙ በቀኛቸው ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳቡ።

ገመዱ እንደመላላት ይባስ ከረረ።

አልሰሙኝም ብለው እንደገና ሁለት ጊዜ፣ በኃይል ሳቡ። በዚህን ጊዜ አንድ ሰው ሳይሆን አምስት ሰው የሳባቸው ያህል ወደ ኋላ ተወረወሩ። በመስኮቱ ጠርዝ ተንጠለጠሉ፤ ትከሻቸው ሊገነጠል ደረሰ። የመተንፈሻው ቱቦ በስፖኪዮው ክንድ ተጠልፎ ተሰነጠቀ፤ በአየር ፈንታ ጭቃ ውሃ አፋቸውን ሞላው። ደሳለኝን የያዘው እጃቸው ተከፈተ።

ያንን እጅ ለቀቁት።

* * *

“ናጋ! ባሻ፣ ናጋ? ደኅና ነዎት? ይተንፍሱ፣ ይተንፍሱ!”

ጎሊቻ ነው። ጭቃው ላይ በደረታቸው አስተኝቶ ጀርባቸውን ይመታል። ባሻ ውሃ ተፉ፤ እንደገና ተፉ፤ አየር ገባላቸው። ከጎናቸው የቦምቦላው አየር በተቀደደው ቱቦ እየፏጨ ይወጣል፤ ሄዶ ሄዶ እየቀጠነ ዝም አለ።

“እግዜር ይመስገን” አለ ጎሊቻ፣ እጁ ገመዱ ልጦት እየደማ። ፊቱ በደስታ ያበራል። “ሁለቴ ሳቡ፤ ብቻዬን ሳብኩ። ደግመው ሁለቴ ሳቡ፤ ሰዎቹን ጠራሁ፤ ሳብን፤ አወጣንዎት!”

“ማን ሳብ አለህ?” ባሻ በእልህ ተነሥተው ተቀመጡ። “ልቀቅ ነው ያልኩህ! ልቀቅ!”

የጎሊቻ ፊት ከሰመ። “ሁለቴ ሳቡ፣ ባሻ። በኤላ ሁለቴ ‘አውጡኝ’ ነው።”

እሙሽ ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ ደረሰች። የባሻን ባዶ እጅ አየች፤ ከኋላቸው ውሃውን አየች።

“የታለ?”

 መቶ አለቃ ቢረሳው ነገሩ ገብቶት ኖሮ ጎሊቻን ሸሚዙን አንቆ ያዘው። “አንተ ደንቆሮ! ልቀቅ ሲሉህ ትስባለህ? ያገኙትን ሰው አስጣልካቸው እኮ! ባሻ፣ አግኝተውት ነበር አይደል?”

ባሻ ጎንበስ ብለው የእግር መቅዘፊያቸውን ማሠሪያ መፍታት ጀመሩ።

“ድሮም የማያውቅ ሰው እዚህ ሥራ ውስጥ ማስገባት አልነበረብንም” አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። “የተማሩ ሰው ለፍተው ለፍተው” አለ ሌላው። ከማዶ የቆሙት ቦረናዎች የሚባለውን ባይሰሙም ጎሊቻ መታነቁን አይተው ማጉረምረም ጀመሩ። ጎሊቻ ራሱ፣ ጠይቄያቸው ነበር አላለም። የደማውን እጁን ወደ ታች አንጠልጥሎ፣ እንደ ጥፋተኛ፣ መሬት መሬቱን ያያል።

ባሻ የእግር መቅዘፊያቸውን አወለቁ። ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ነገ በነገሌ፣ በመሥሪያ ቤቱም በቤተ ክርስቲያኑም ደጅ፣ “ባሻ ደሳለኝን አግኝተውት ነበር፤ ጎሊቻ ነው ያበላሸው” ይባላል፤ የሚቃወምም አይኖርም። የባሕሩ ሕግም ከእሳቸው ጋር ነው፤ ሁለት ማለት ልቀቅ ነው፤ የተጻፈ ነው። በዚያች እሁድ ጠዋትም ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነበር፤ አንድ ተኩል ማለት አንድ ተኩል ነው። በእጃቸው መዳፍ ውስጥ ግን አራት የተላቀቁ ጣቶችና አንድ ያልተላቀቀ አውራ ጣት አሁንም ይሰማቸዋል።

ምጽዋ ላይ ያስተማሯቸው የመጀመሪያው ነገር ምን ነበር? ጠላቂ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ገመዱን ከሚይዝለት ሰው ጋር ይነጋገራል። ከመስተዋቱ በፊት፣ ከቦምቦላውም በፊት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ገመዱን የያዘላቸው ሰው ሁሉ ቋንቋውን የሚያውቅ ስለነበር፣ ቋንቋ መሆኑን ራሱ ረስተውት ኖሯል።

“መቶ አለቃ፣ ሰውየውን ይልቀቁት።”

“ባሻ፣ ይህ ሰው እኮ …”

“ይልቀቁት ብያለሁ!” አሉ ባሻ። “ከመግባቴ በፊት ጠይቆኝ ነበር። ስንቴ ሲሳብ ምን ማለት ነው አለኝ። ይዘህ ቁም፤ በቃ አልኩት። እሱ የሚያውቀውን አደረገ፤ ያደረገውም ትክክል ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ቢረሳው የጎሊቻን ሸሚዝ ለቀቀ። ባሻ ወደ እሙሽ ዞሩ። ይህ ከሁሉም የከበደ ነበር።

“አግኝቼው ነበር፣ እሙሽ። እጁን ይዤው ነበር።”

“እጁን?”

“መሪውን እንደጨበጠ ነው።”

“ከዚያስ?”

“ለቀቅሁት።”

እሙሽ አላለቀሰችም።  “ዋና አስተምሩኝ ሲልዎትም እንዲሁ ነው” አለች በተዘጋ ድምፅዋ፣ ቀስ ብላ። “‘እማዬ፣ ባሻ ተቀየሙኝ፤ ጎማ ፈንድቶብኝ ዘገየሁባቸው’ አለኝ። ‘ሄደህ ይቅርታ በል’ አልኩት። ‘ብያቸዋለሁ፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ካሉ አይመለሱም’ አለኝ።”

“እውነቱን ነው” አሉ ባሻ። “አልመለስም ነበር።”

ከላይ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ከቋጥኙ ሥር ደርቆ የነበረ አንድ የአሸዋ ምላስ እያዩት እርጥበት ጠጣ። ቢረሳው ሰዓቱን ተመለከተና፣ “ስምንት ከሩብ። እንግዲህ ምን እናደርጋለን? አየሩም አልቋል” አለ፤ የተናገረው ለማንም አልነበረም።

ጎሊቻ ሸሚዙን እያስተካከለ ወደ ባሻ ጠጋ አለ።

“ባሻ፣ መስኮቱ ከውሃው ፊት ስንት ይርቃል?”

“የሁለት ሰው ቁመት ያህል። ለምን?”

“እኔ ኤል ሶድ ጨው አውጥቻለሁ።”

“ኤል ሶድ?”

“ጨው ቤት። ከዱብሉቅ ወዲያ፣ ከተራራው ጉድጓድ ውስጥ ያለው የጨው ሐይቅ። ወጣት ሳለሁ ስድስት ዓመት። እየጠለቅን ጥቁሩን ጭቃ በእጅ ነው የምናወጣው። እዚያ ውሃው ዓይን ይበላል፤ ቆዳ ይበላል፤ ሰውን ደግሞ ወደ ላይ ይተፋል፤ ለመውረድ ድንጋይ ማቀፍ ነው።” ወንዙን በአገጩ አመለከተ። “ይህ ጭቃ ብቻ ነው።”

ባሻ አፋቸውን ከፍተው አዩት። “ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ እንደምትጠልቅ አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም!”

“አልጠየቁኝም” አለ ጎሊቻ፣ በቀላሉ።

ቢረሳው ጣልቃ ገባ። “ቦምቦላ የለ፣ ምን የለ፤ እንዴት ነው የሚገባው? ሌላ ሬሳ ልንጨምር ነው?”

“ቦምቦላው እኔን ምን አደረገልኝ?” አሉ ባሻ።

እርጥብ አሸዋውን በመዳፋቸው ደልድለው በጣታቸው መኪናውን ሣሉ። ያዩትን ሳይሆን የዳሰሱትን። “ይኸውልህ፤ አፍንጫው ወዲህ ነው። የሾፌሩ በር ቋጥኝ ነክሶታል፤ እሱን አትንካው። በዚህ ዙር። ሁለተኛው በር መያዣው እዚህ ነው፤ ወደ ታች ትጫነዋለህ። አውራ ጣቱ ከመሪው አልተላቀቀም። ቀኝ እጁ ነው። አትጎትተው፤ ወደ ውጭ አጥፈው፤ ይለቅቃል። ይህ ስፖኪዮ ነው፤ ገመዱ እንዳይያዝ።”

ጎሊቻ ቁጢጥ ብሎ ሥዕሉን በጥሞና አየ፤ በሩን ጠየቀ፤ መያዣውን ደግሞ ጠየቀ። ባሻም አልተቆጡም። ሲጨርሱ መስተዋቱን አንሥተው ዘረጉለት።

ጎሊቻ ሳቅ አለ። “በጨለማ ቤት መስተዋት ምን ያደርጋል?”

ሸሚዙን አወለቀ፤ ከዳር ጥቁር ድንጋይ መርጦ በብብቱ አቀፈ። ባሻ የራሳቸውን ወገብ ገመድ ፈትተው በእሱ ወገብ ማሠር ጀመሩ። ቋጠሮው እንደማይፈታ ሁለት ጊዜ ፈተሹ። ከዚያ እጃቸው በቋጠሮው ላይ እንዳለ ቀና ብለው፣

“ጎሊቻ” አሉ፤ “ይንገሩኝ። ስንቴ ሲስቡ ምን ላድርግ?”

ጎሊቻ ግር አለው። ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ዞር ሊልም ቃጣው።

“አንዴ ከሳብኩ ይልቀቁ” አለ በመጨረሻ። “ሁለቴ ከሳብኩ ያውጡ። ሳይጠይቁ፣ ሳያስቡ፣ ያውጡ።”

“አንዴ ልቀቅ። ሁለቴ አውጣ። ሦስቴስ?”

“ሦስቴ የለም። ሦስቴ ለመሳብ ትንፋሽ የለም።”

“አንዴ ልቀቅ። ሁለቴ አውጣ” ብለው ባሻ እንደ ተማሪ ደገሙት፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱም ለሦስተኛ ጊዜ ለራሳቸው አሉት።

ቢረሳው ሁለት ጠና ጠና ያሉ ፖሊሶች ጠርቶ ገመዱን እንዲይዙ አዘዘ። “እርስዎ ይረፉ፣ ባሻ። ደክመዋል። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ገመድ አይጎትትም።”

ባሻ ለፖሊሶቹ ከኋላ እንዲቆሙ በእጃቸው አመለከቷቸው። ገመዱን በጀርባቸው አዙረው በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እሙሽ ድንጋይዋን ትታ ከጎናቸው መጥታ ቆመች።

“እርስዎ አይገቡም እንዴ?” አለች።

“አልገባም። እኔ ገመድ ያዥ ነኝ።”

ጎሊቻ ድንጋያቸውን እንዳቀፉ ወደ ወንዙ ገቡ። ውሃው ወገባቸው ጋ ሲደርስ ቆም ብለው በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከዚያ ጠለቁ። ባሻ ተረከዛቸውን ጭቃው ውስጥ ተከሉ፤ ገመዱም ክንድ በክንድ ከመዳፋቸው መሄድ ጀመረ።